ሁለት ነጥብ

ሥራህ ምንድን ነው ካላችሁ፣ መስታወት ማጥፋት ነው፤
ያለውን፣ የሌለ እስኪመስል ማጥራት ነው።
ካሥራ አንደኛው ፎቅ ጫፍ በገመድ ወርጄ፣
ባልዲው ከወገቤ፣ ስፖንጁ ከእጄ፣
ሰንጋ ተራ ላይ (ሰንጋው ካለቀ ስንት ዘመኑ!)
ለባንክ ቤት ሰማይ ስወለውል እውላለሁ በየቀኑ።

የሕንፃው አስተዳዳሪ፣ አቶ ፍሬሰንበት፣
ከታች አንጋጠው «ጎሽ!» አሉኝ፣ «ምንም የለበት!»

ወፏም አምና መጣች፣ ምንም የለበት ብላ፤
የጥቁር አንበሳ ግቢ ዛፍ በመስታወቴ በቅሎ አይታ፣
ከነቅጠሉ፣ ከነጥላ።

ጠዋት አስካለ ከመጥረጊያዋ በፊት ካርቶን ታነሳለች፤
ከገንዘብ ማውጫው ማሽን ሥር ጎንበስ ብላ ትለቅማለች፤
ድንቢጥ፣ ዋኔ፣ ደግሞ ድንቢጥ።
ያን ዕለት ግን፣ የመስከረም ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣
መዳፏን ከፈተችልኝ፤ ቢጫ ላባ፣ የተጨመቀ ጨርቅ።
«የመስቀል ወፍ ናት» አለች፣ ባውራ ጣቷ አንገቷን ደግፋላት፣
«ባመት አንዴ ብቅ የምትል እንግዳ። እኛው ቤት ጠርገን ጠበቅናት።»

ቀና ብዬ አየሁ፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ቅርጿ ታትሟል፤
የክንፏ ብናኝ፣ የደረቷ ክብ፣ ሁሉ ነገሯ እዚያ ቀርቷል።
ወጣሁና ጠረግሁት።
ሥራዬ ነው፤ ምን ላድርገው?
በንጹሕ ጨርቅ፣ ከንጹሕ መስታወት፣ የንጹሕን አሻራ አጠፋሁት።

አቶ ፍሬሰንበት ሰሙ፤ ጭልፊት ገዝተው አስለጠፉ፤
ጥቁር ፕላስቲክ፣ ሁለት ክንድ የሚሆን የተዘረጋ ክንፉ።
በሳምንቱ፣ ከጭልፊቱ ጭራ አንድ ስንዝር አልፋ
ድንቢጥ ወደቀች። የማይበር ጭልፊት ማን ይፈራል?
ዝንብ እንኳ ትቀመጥበታለች፣ ክንፏን አጥፋ።

ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ዣንጥላ ዘርግተው፣
ጋሽ መንበሩ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ዛሬም በብዕር፣
መነጽራቸውን ካፍንጫቸው ጫፍ አንጠልጥለው።
ስለ ደሞዜ ላስጽፍ ሄጄ (ያ ሌላ ጣጣ ነው)
ዓይኔ ብዕራቸው ላይ ቀረ፤
በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥብ ይጥላሉ፣ እንደ ድሮው፦
አመልካች፡ሠራተኛው፡ለክቡር፡ፍርድ፡ቤቱ፡
«ጋሼ፣ ይኼን እኮ ሰው ትቶታል፤ ባዶ ቦታ ይበቃል» ብላቸው፣
ቀና አሉ። «ባዶ ቦታ ማን ያያል?
ቃልና ቃል እንዳይላተም ነው፣ ልጄ፣ መሀል ላይ ዘብ የማቆምላቸው።»

ዘብ!

በነጋታው አንድ ጣሳ ነጭ የዘይት ቀለም ገዛሁ።
ከውጭ በኩል ነው፤ ከውስጥ ከሆነ የሰማዩ ነጸብራቅ ይውጠዋል፤
ሦስት ጣት ወደ ጎን፣ ሦስት ጣት ወደ ታች፤
ከዚያ ከሰፋ፣ ለድንቢጥ በር ይሆናል።

፡   ፡   ፡   ፡   ፡
፡   ፡   ፡   ፡   ፡

ገመዴ ላይ እየተወዛወዝሁ፣ ቃል የሌለው ገጽ ስጽፍ ዋልሁ።

«ምንድን ነው ይኼ? ሕንፃውን ፈንጣጣ አስወጣኸው!» አሉ አቶ ፍሬሰንበት።
አስካለ ካርቶኗን ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው፤ ሰባት ነበሩበት።
ዝም አሉ። ዝም ብለው ቆጠሩ።
«እስከ አምስተኛው ፎቅ» አሉ፣ «ዛፉ እስከሚደርስበት።
በምሥራቅ በኩል ብቻ።»

ትናንት ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከሆስፒታሉ ግቢ ተወርውራ
አንዲት ዋኔ መጣች፣ ቀጥ ብላ፣
ትንፋሼን ያዝሁ፣ ገመዴን ጨብጬ፣ እኔው ስፈራ።
ሁለት ክንድ ሲቀራት አነበበች።
በክንፏ ጫፍ አየሩን ረግጣ ወደ ለገሃር ታጠፈች።

አስካለ ካርቶኗን ዘርግታ ምሳዋን በላችበት።
ምዕራቡ ግን እስካሁን ምንም የለበት።
ሩብ ጣሳ ቀለም ተርፎኛል፤ እንዳይደርቅ ክዳኑን በፌስታል አስሬ
ደብቄዋለሁ ጣራው ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር፣
ማንም በማይደርስበት።